ይደግመው ይሆን?

ባለፈው እትም ስለ ካፌ ሰልፍ የጻፈው ልጅ በሳቅ ገድሎን ነበር። እኔ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ የሚያስቅ ስላልሆነ ከወዲሁ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እኔ የበየዳ ልጅ ነኝ። በየዳ የት ነው ለምትሉኝ፣ ራስ ደጀንን ታውቁታላችሁ አይደል? በቃ እዚያው ነው። ከደባርቅ ተነስቶ፣ የሰሜን ተራሮች ፓርክን አቋርጦ የሚደረስበት፣ ገብስና ብርድ የማይጠፋበት አገር። ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። የማን ልጅ እንደሆንሽ ሳትናገሪ የሚያውቅሽ ሽማግሌ መንገድ ላይ አይጠፋም።

በ2012 ዓ.ም እኔም የአክስቴም ልጅ 15 ዓመታችን ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ቤተሰቡንም እሱንም የምናውቀው አንድ ሰው መንገድ ላይ ደፈራት። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም። ሰውየው ተያዘ፣ ተከሰሰ፣ 8 ዓመት ተፈረደበት። አክስቴ «ሕግ አለ» ብላ ዝም አለች። ባለፈው ዓመት ታዲያ ገበያ ውላ ስትመለስ ፊት ለፊት ገጠመችው። በአመክሮ ወጥቷል። ቀድሞ የነገራት አንድም ሰው አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ያኔ አቋርጣው የነበረውን ትምህርት በማታ ጀምራ ነበር፤ ከዚያ ሳምንት ወዲህ ግን እግሯን አላነሳችም።

ለሴሚስተር ዕረፍት አገር ቤት ስገባ አክስቴ ቡና አፈላችና ሁለተኛው ላይ ስንደርስ፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ። እስቲ ንገሪኝ፣ ይህ ሰው ይደግመዋል ወይስ አይደግመውም?» አለችኝ። ምን ልበል? «ተመልሼ አጣራለሁ» አልኳት። ይህች ጽሑፍ ያጣራሁት ናት።

* * *

ግቢ እንደተመለስኩ በሪሰርች ሜተድ ኮርስ የተማርናትን ይዤ ማገላበጥ ጀመርኩ። ለካስ የአክስቴን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ የተነሱ ሰዎች ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ነበሩ! እ.ኤ.አ. በ1928 ኧርነስት በርጀስ የሚባል የአሜሪካ የሶሲዮሎጂ ምሁር በኢሊኖይ ግዛት በአመክሮ የተፈቱ 3,000 ሰዎችን መዝገብ መረመረና፣ ማን ተመልሶ ወንጀል እንደሚሠራ የሚጠቁሙ 21 ነገሮችን ለይቶ ነጥብ ሰጣቸው። ኢንሹራንስ ድርጅት ሾፌሩን በዕድሜውና ባደረሰው አደጋ ብዛት እንደሚመድበው ማለት ነው።

በወሲብ ወንጀል በኩል በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መሣሪያ «ስታቲክ-99» ይባላል። ይህን ለዶርም ጓደኛዬ ስነግራት፣ «99 ፐርሰንት ልክ ከሆነ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን 99 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ካናዳዊው ካርል ሃንሰንና እንግሊዛዊው ዴቪድ ቶርንተን መሣሪያውን ያዘጋጁበት 1999። እንግዲህ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች በስሙ ከተሳሳትን፣ ሬዲዮ የሚሰማው ገበሬ ምን ሊል ነው?

መሣሪያ ሲባል ማሽን እንዳይመስላችሁ፤ የአንድ ገጽ ፎርም ነው። 10 ጥያቄዎች አሉት። ሲፈታ ዕድሜው ስንት ነው? ከፍቅር ጓደኛ ወይም ከትዳር አጋር ጋር ሁለት ዓመት አብሮ ኖሯል? ከዚህ በፊት በወሲብ ወንጀል ተከሷል፣ ተፈርዶበታል? በድብደባስ? ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ቅጣት ተወስኖበታል? ተጎጂዋ ዘመዱ ነች ወይስ ባዳ? ያውቃታል ወይስ ጭራሽ አያውቃትም? ተጎጂው ወንድ ነው? እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከዚያ ነጥቡ ይደመራል። በኋላ በተሻሻለው ቅጽ ነጥቡ ከ-3 እስከ 12 ይደርሳል። «ስታቲክ» የተባለውም የሚጠይቀው ያለፈውንና ሰውየው ሊለውጠው የማይችለውን ነገር ስለሆነ ነው።

ታዲያ ይሠራል ወይ? በመጠኑ ይሠራል። ወንጀሉን ከደገሙት መካከል አንድ ሰው፣ ካልደገሙት መካከል ደግሞ አንድ ሰው በዕጣ ብናወጣ፣ የደጋሚው ነጥብ ከፍ ብሎ የመገኘቱ ዕድል 70 ከመቶ ገደማ ነው። ሳንቲም ወርውረን ብንገምት 50 ነበር። ከሳንቲም ይሻላል፣ ከነቢይ ግን በጣም ያንሳል።

* * *

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ሒሳብ እንሥራ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሃንሰንና አንዲት የሥራ ባልደረባው 82 ጥናቶችን፣ በድምሩ 29,450 የወሲብ ወንጀለኞችን የያዙ፣ አንድ ላይ አይተው ነበር። ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ክትትል ውስጥ በወሲብ ወንጀል ዳግም የተገኙት 13.7 ከመቶ ናቸው። ብዙዎቻችን የምናስበው ግን «እንዲህ ያለ ሰው መቼም አይተወውም» ብለን ነው፤ ቁጥሩ እንደዚያ አይልም። ልብ በሉ፣ የተገኙት ነው ያልኩት። ያልተያዘና ያልተከሰሰ ሰው እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

አሁን ለምሳሌ ያህል 1,000 ፍርደኞች አሉ እንበል፤ ከነሱም 100ዎቹ ወንጀሉን የሚደግሙ ይሁኑ። መሣሪያችን ከደጋሚዎቹ 70 ከመቶውን፣ ከማይደግሙትም 70 ከመቶውን በትክክል ይለያል እንበል። ከ100ዎቹ 70ውን «አደገኛ» ይላል፤ 30ው ያመልጡታል። ከ900ዎቹ የማይደግሙት ደግሞ 270ውን በስህተት «አደገኛ» ይላል። በድምሩ 340 ሰው «አደገኛ» ተባለ ማለት ነው፤ በእርግጥ የሚደግሙት ግን 70 ናቸው። ከአምስቱ አንዱ መሆኑ ነው። አራቱን በከንቱ እንፈራለን፣ 30 የሚሆኑትን ደግሞ «ደህና ሰው» ብለን እንሸኛለን።

ይህ የሆነው መሣሪያው ክፉ ስለሆነ አይደለም። መሣሪያው ስለ ቡድን እንጂ ስለ አንድ ሰው አይናገርም። ሜትሮሎጂ «በሰሜን ጎንደር ውርጭ ይጠበቃል» ሲል የአክስቴ የገብስ ማሳ ይመታል ማለቱ አይደለም። አክስቴ ግን የምትጠይቀው ስለ ማሳዋ ነው።

* * *

«እንዲያ ከሆነ ቁጥሩን ትተን በሰው ግምት እንሂድ» የሚል አይጠፋም። ቀስ በሉ! እ.ኤ.አ. በ1954 ፖል ሚል የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር የባለሙያን ግምትና የቁጥርን ግምት አወዳድሮ፣ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ወይም እኩል ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። በወሲብ ወንጀለኞች ላይም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል፤ በልምድና በስሜት ብቻ የተሰጠ ግምት ከነጥቡ ያንሳል።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ከሌላ ባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት፣ ወንጀለኛው መጸጸቱን መናገሩ ወይም መካዱ፣ ለተጎጂዋ ማዘኑ ወይም አለማዘኑ፣ ከመድገሙ ጋር ይህ ነው የሚባል ግንኙነት አልታየበትም። እስቲ አስቡት! እኛ አገር ሽማግሌም፣ ዳኛም፣ ኮሚቴም ቀድሞ የሚያየው ይህንኑ አይደለም እንዴ? «አልቅሷል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠይቋል፣ የደህና ሰው ልጅ ነው» እንላለን። ይቅርታው ለነፍሱና ለዕርቁ ይጠቅም ይሆናል። ስለ ነገ የሚነግረን ነገር ግን ጥቂት ነው።

ሕጋችንም ግምት ይጠይቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 አንድ ፍርደኛ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ከፈጸመ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ የሚችልበትን መንገድ ይደነግጋል። በሥራውና በጸባዩ መሻሻሉን ማሳየት አለበት። ሲወጣም መልካም ጠባይ ይኖረዋል ተብሎ የሚገመት መሆን አለበት። እንግዲህ 8 ዓመት የተፈረደበት ሰው በ5 ዓመት ከ4 ወር የሚወጣው በዚህ ነው። ግን ልጃገረድ በሌለበት ግቢ ውስጥ ጨዋ መሆን ስለ ሴቶች ትምህርት ቤት መንገድ ምን ይናገራል? ወታደር በሰላም ጊዜ ጀግንነቱ አይለካም።

ቁጥር ለፍርድ ቤቶቻችን እንግዳ ነው እንዳንል፣ አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ሲያወጣ፣ በ2006 ዓ.ምም ሲያሻሽለው፣ ወንጀሎችን በደረጃ፣ ቅጣትን በእርከን ከፋፍሎ አስቀምጧል። ለሠራው ወንጀል እርከን ቆጥረንለታል። ስለሚወጣበት ቀን ግን ምንም አልቆጠርንም።

* * *

«እንግዲያው ፎርሙን አስመጥተን እንሙላው» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስቤ፣ ለመማር ያህል፣ የዚያን ሰው ነጥብ ለመቁጠር ሞከርኩ። መሙላት ያለበት የሠለጠነና ፋይሉን የያዘ ባለሙያ መሆኑን አውቃለሁ። ውጤቱን ሳይሆን የት የት ላይ እንደተሰናከልኩ ነው የምነግራችሁ።

አንደኛ፣ ዕድሜው። ሲፈታ ከ35 ዓመት በታች ከሆነ 1 ነጥብ ይያዝበታል፣ 35 ከሞላው ግን ይህ ነጥብ አይያዝበትም። የሰውየው እናት «ድርቁ ባለፈ በዓመቱ» ነው የሚሉት። አገራችን ልደትን በሥርዓት መመዝገብ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም መገባደጃ ነው። ፍርድ ቤት የያዘለት ዕድሜ የግምት ነው።

ሁለተኛ፣ ዝምድና። ተጎጂዋ ባዳ ከሆነች 1 ነጥብ አለው። ዘመድ ማለት በመመሪያው መሠረት ጋብቻ የሚከለክል ቅርበት ያለው ነው። ካናዳ ውስጥ ይህ ጥያቄ ቀላል ነው። እኛ ጋ ግን የሚቆጠረው እስከ ሰባት ቤት ነው! ሽማግሌዎቹ ቢቆጥሩ የአክስቴ ልጅና ያ ሰው ስድስተኛ ቤት ላይ ይገናኛሉ። ታዲያ ባዳ ነው ወይስ ዘመድ?

ሦስተኛውና ዋናው፣ የቀድሞ ታሪኩ። በወረቀት ላይ ንጹሕ ነው፣ 0። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው። ከዚያ ቀደም በሌላ ቀበሌ አንዲት ልጅ ላይ ተመሳሳይ ነገር አድርጎ ነገሩ በሽምግልና አልቋል። በግ ታርዷል፣ ገንዘብ ተከፍሏል፣ ቤተሰብ ታርቋል። ፖሊስ አልሰማም፣ መዝገብ አልተከፈተም። ክስ ቢመሠረት ኖሮ ቢያንስ 1 ነጥብ ይጨመርበት ነበር።

ደምሩት። ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ ወንጀል፣ ነጥቡ ግን ከ0 እስከ 3 ይዋዥቃል። በ0 «ከአማካይ በታች» ነው፣ በ3 «አማካይ»። ልዩነቱን ያመጣው የሰውየው ጠባይ አይደለም፤ የእኛ መዝገብ ነው። ሌላም አለ። ከትዳር አጋር ጋር ሁለት ዓመት የኖረ ነጥብ አይያዝበትም። ይህ ጥያቄ በሌላ አገር የሰውየውን ጠባይ ያሳይ ይሆናል። ቤተሰብ ገና በልጅነት በሚድርበት አገር ግን ሁሉም ያገባ ስለሆነ ማንንም ከማንም አይለይም።

ይህ የእኔ ቅሬታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፎርሙ በተወለደበት በካናዳ፣ አንድ የሜቲስ ተወላጅ እስረኛ «እነዚህ መሣሪያዎች በእኛ ሕዝብ ላይ መሥራታቸው አልተፈተነም» ብሎ ክስ መሠረተ። ስታቲክ-99 ከተከራከረባቸው መሣሪያዎች አንዱ ነበር። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018፣ ማረሚያ ቤቱ መሣሪያዎቹ በነባር ሕዝቦች ላይ በትክክል መሥራታቸውን ሳያረጋግጥ መጠቀሙ የሕግ ግዴታውን መጣስ ነው ብሎ ወሰነ። ካናዳ ለገዛ ዜጎቿ ያልተረጋገጠውን፣ እኛ ለበየዳ ገበሬ እንዴት አድርገን ነው የምንሞላው?

* * *

እንግዲህ ወደ ራሴ አቋም ልምጣ። እንደ እኔ እምነት ፎርሙን ገልብጠን ማምጣት የለብንም። በስሜት መፍረዱንም መቀጠል የለብንም። የሚያስፈልገን ከፎርሙ በፊት የሚመጣው ሥራ ነው።

መጀመሪያ፣ ሽምግልና መዝገብ አያጥፋ። እኔ ሽማግሌ የምንቅ ልጅ አይደለሁም፤ ያለ እነሱ አገሬ በደም በተቃጠለ ነበር። ቤተሰብና ቤተሰብ ያስታርቁ፣ እሰየው። መድፈር ግን በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል አይደለም፤ ቤተሰብ «ትቼዋለሁ» ስላለ አይዘጋም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ያን በር ዘግቶታል። ሕጉ የዘጋውን በር በግ አርደን እየከፈትነው ነው። የተደበቀ የመጀመሪያ ጥፋት ማለት ደግሞ ለሁለተኛዋ ልጅ ያልደረሰ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሁለተኛ፣ መቁጠር እንጀምር። በዚህ ወንጀል ተፈርዶበት የወጣ ሰው ሁሉ አንድ ገጽ ይኑረው፤ በስንት ዓመቱ ወጣ፣ የት ገባ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ተከሰሰ ወይስ አልተከሰሰም። ካናዳና እንግሊዝ ፎርሙን የሠሩት ከዚሁ ዓይነት አሰልቺ መዝገብ ነው። የስታቲስቲክስ፣ የሕግ፣ የሥነ ልቦና ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ አጣን ሲሉ እሰማለሁ። ይኸው ርእስ!

ሦስተኛ፣ ሰውየው ከመውጣቱ በፊት ለተጎጂዋ ይነገራት። ይህ ስታቲስቲክስ አይጠይቅም፣ አንድ ስልክ ይበቃዋል። አክስቴ ከገበያ መንገድ ላይ መስማት አልነበረባትም።

ለወጣውም ሰው ቢሆን ቁጥሩ የሚለው ነገር አለ። አደጋው በዕድሜ ይቀንሳል። ነጻ ሆኖ ሳያጠፋ አምስት ዓመት በቆየ ቁጥር ደግሞ በግማሽ ገደማ እንደሚወርድ የሃንሰንና የባልደረቦቹ የ2014 ጥናት ያሳያል። ስለዚህ ክትትሉ መበርታት ያለበት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ሰውን ዕድሜ ልኩን «አውሬ» እያሉ ከመንደር ማባረር ሥራ ወደሌለው፣ ዘመድ ወደማያየው ቦታ መላክ ነው። እዚያም ልጆች አሉ።

የመጨረሻው የኛ የጋዜጠኞቹ ነው። በ2007 ዓ.ም ሐና ላላንጎ ስትሞት አገር ተናወጠ። በባሕር ዳር የ7 ዓመቷ ሔቨን ጉዳይ በነሐሴ 2016 ዓ.ም አደባባይ ሲወጣ ደግሞ፣ ገዳይዋ 25 ዓመት መፈረዱ ያስቆጣው ሰው ብዙ ነበር፤ «ይሰቀል» ያለውም እንዲሁ። ቁጣው የኔም ቁጣ ነበር። ቁጣ ግን ሳምንት ቆይቶ ይበርዳል፣ መዝገብ ግን ይቆያል። እኛ የፍርዱን ቀን እንዘግባለን፣ የሚፈታበትን ቀን የሚዘግብ የለም። ነገ ደግሞ አንዱ መጥቶ «ይህ መሣሪያ ይህን ያህል ፐርሰንት ትክክል ነው» ሲለን ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው። ከስንት ሰው? በስንት ዓመት? የት አገር?

* * *

ወደ አክስቴ ልመለስ። ስልክ ደውዬ ያጣራሁትን ነገርኳት። «በውጭ አገር በተቆጠረው ከመቶ 14 ያህሉ ናቸው ተመልሰው የተያዙት፣ 86ቱ አልተያዙም» አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ትንሽ ዝም ብላ፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ መቶ የለኝም። ያለችኝ አንድ ናት» አለችኝ።

አክስቴ ስታቲስቲክስ አልተማረችም፤ የቁጥሩን ድንበር ግን ከብዙዎቻችን በተሻለ አሳየችኝ። ፐርሰንት ለማረሚያ ቤቱ፣ ለፍርድ ቤቱ፣ ለፖሊሱ ይጠቅማል፤ እነሱ መቶም ሺህም አላቸው። አንዲት ብቻ ላላት እናት የሚጠቅማት የማታ ትምህርት ቤቱ መንገድ ላይ መብራትና ሰው መኖሩ፣ «ወጥቷል» ብሎ ቀድሞ የሚነግራት መኖሩ ነው። ይህን ለማድረግ ከካናዳ ፎርም መጠበቅ አያስፈልገንም።

የአክስቴ ልጅ እስካሁን ትምህርቷን አልቀጠለችም። ለሚቀጥለው ዕረፍት ስሄድ ማታ ማታ አብሬያት እስከ ክፍሏ በር ልሄድ ቃል ገብቻለሁ። ዕረፍቱ ሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላስ ማን ይሸኛታል? ይህን የምጠይቀው እናንተን ነው።